ማናየ

ገለበጥሁ ብላችሁ እንስራ አይምሰላችሁ፤
የሰው ሦስት ዓመት ነው፣ ጠብ ሳይል የቀዳሁላችሁ።
"ምንጩ አልጎደለ፣ ማሰሮው አልነቃ፣
የት አለ ጉዳቱ?" እል ነበር፣ ሌሊት ልቤ ሲነቃ።

ይታይሽ አንማው
ደብተር በፌስታል ቋጥራ፣ ከብቸና ተነሥታ፣
የየትመን ጭቃ ላይ ጫማዋን አስበልታ፣
ደምበጫ መናኸሪያ ከዝናብ ተጠልላ፣
ስትጠይቅ ከረመች፣ "ያ ስንት ነው? ይህስ?" ብላ።
የማኛውን ዋጋ፣ የኑጉን፣ የጓያውን፣
ሰፋሪው ቁናው ላይ በክንዱ የሚያስቀረውን፣
ደላላው በጋቢው ሥር በጣት የሚያወራውን።

ማታ፣ መብራት ሲመጣ
(ሲመጣ ነው እንግዲህ)
ለእህሉ ቤት ሠራች፣ ለቤቱ ደጅ አወጣች፣
በቆሎን ከበርበሬ በአጥር ለየች፣
ፕሮግራሙን ጻፈች፣ አፈረሰች፣ ጻፈች።
ገበሬው ሸበል በረንታ ቁጭ ብሎ ስልኩን ቢነካ
"ጤፍህን ዛሬ አትጫን፣ ደጀን ነገ ይሻላል" ይለዋል፤
አህያው ሳይጫን ያድራል።

እኔ ይበልጣል ነኝ፣ መናኸሪያው ጀርባ፣
ፎቶ ኮፒ የማነሣ፣ የተሰበረ ስልክ የማባባ።
ኮምፒውተሯ ቢታመም፣ ቫይረስ ቢገባበት፣
"አደራ" ብላ አመጣች፤ አደራ በላሁበት።
ሌሊት ስምንት ሰዓት፣ ፍላሹን ሰካሁ፤
አረንጓዴው መስመር ሲሳብ ቁጭ ብዬ አየሁ፣
ከሰባ ወደ ሰማንያ፣ ከሰማንያ ወደ መቶ።
ውሻ እንኳ አልጮኸ።
"ማን አየ?" አልሁ፣ ላብ ግንባሬን ሞልቶ።

ሰማያዊውን ቀይ አደረግሁ፣ ስሟን ፍቄ ስሜን ተከልሁ፤
ለቡሬ ነጋዴ፣ ለፍኖተ ሰላም ነጋዴ ሸጥሁ።

ደብረ ማርቆስ፣ ችሎቱ ሞልቶ፣ ጠበቃዬ ተነሣና፣
"ክብርት ዳኛ፣ ዋጋ የማን ነው? የገበያ ነውና፤
ጤፍ ስንት ገባ ብሎ የጠየቀ ሁሉ ሌባ ነው ወይ?
ዝናብ ዘነበ ያለ ሰው ደመናውን ሰረቀ ወይ?"
ከኋላ የተቀመጡት "ልክ ነው፣ ልክ ነው" አሉ።
እኔም ራሴን ነቀነቅሁ፤ እውነት ነበራ፣ ከፊሉ።

ዳኛዋ መነጽሯን አወለቀች፣ አንድ ወረቀት ገለጠች፤
"ዋጋውስ የማንም ነው፤ አዋጁም አላጠረውም" አለች።
"ግን ከዝርዝርህ መሐል አንድ ስም አስቸገረኝ፤
ማናየ፣ ይላል። ገበያ። ዓርብ ዓርብ ይቆማል። የት ነው? ንገረኝ።"

"ከሞጣ... ወደ ዓባይ... ሲወርዱ..." አልሁ፤ ምላሴ ደረቀ።
"ሄደህ ታውቃለህ?"
ዝም።
"የኑጉ ዋጋ ተጽፏል፣ እስከ ሳንቲሙ የደቀቀ፤
ማናየን ማን አየ?"
ያን ጊዜ ችሎቱ ሳቀ።

ይታይሽ ቆመች፤ ድምጿ ቀጭን ነው፤ "እኔም አላየሁት" አለች፤
"የለም። ከሦስት መቶው ቤት መሐል
ለሌባ ማደሪያ የሠራኋት አንዲት ባዶ ቤት ነበረች።"

ከፍርዱ ወዲያ፣ ደጅ ላይ፣ በወሰን ክርክር የመጡ፣
ጎንጅ ቅኔ የቆጠሩ ሽማግሌ ጠሩኝ፣ ከዘራቸውን እያወጡ፦
"ልጄ፣ ቃል የሁሉ ነው። እኔም ከገበያ ነው የማነሣው።
ቤቱ ግን የመቺው ነው። የሰው ቤት ይዞ የተቀኘ
ማኅሌት መሐል ነው የሚራቆተው።"

ካሣውን ከፈልሁ፣ የሱቁን ግማሽ ዘጋሁ፤
ሰረዝሁ፣ ደለዝሁ፣ እጄ ያለውን አጠፋሁ።
ከእኔ የቀዱት ግን፣ ከእነሱም የቀዱት፣
በየኪሳቸው ይዘው ቆላ ወረዱበት።

ዓርብ ዓርብ ጠዋት ስልኬ ይጮኻል፤
የማላውቀው ሰው ነው፣ ከኋላው ነፋስ ይነፍሳል፤
"አህዮቹን ጭኛለሁ፣ ኑግ ነው፤ ማናየ ዛሬ ስንት ገባ?" ይላል።
"የለም" ማለት ያቅተኛል።
"ዛሬ አልቆመም" እላለሁ።
"ለሳምንትስ?"
ስልኩን ጆሮዬ ላይ ይዤ እቆያለሁ።